ሂተሩ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር

የአባይን በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን እየወጣን ነው። ከፊታችን ሁለት ከባድ መኪናዎች ተከታትለው ያዘግማሉ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ላይ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ አንዱን መርፌው ላይ ተክዬ፣ በልቤ እየተሳልኩ እነዳለሁ። አንድ ኩርባ ላይ መርፌው ድንገት ወረደ። «ተመስገን!» አልኩ ጮክ ብዬ። ከኋላ የተቀመጠችው እናቴም ነገሩን ሳታውቅ «ተመስገን» አለች።

ያቺ ተመስገን እስካሁን ታሳፍረኛለች። መርፌው የወረደው ሞተሩ ስለበረደ አልነበረም። የሚለካው ውሃ ስላለቀ ነው። ሙቀቱን የሚያነበው ሴንሰር ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ውሃው ሲጠፋ እንፋሎትና አየር መሃል ይቀራል፤ ከዚያ የሚናገረው አይታመንም። ሞተሩ እየነደደ መርፌው ሰላም ነው ይላል። እኔ ይህን ስለማላውቅ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ። መኪናዋ ቆመች።

መካኒክ አይደለሁም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ኮፈን የሚከፍተው የመስታወት ውሃ ለመሙላት ብቻ ለሆነ ሰው ነው። በአንድ ቀን የተበላሸ ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነገረኝ ነበር። የነገረኝ ደግሞ ከቁም ነገር ያልቆጠርኩት ሂተር፣ የመኪናዋ ማሞቂያ፣ ነው።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ኮሮላ ናት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ መካኒኮች «ፎር ኤ» የሚሉት ነው። የሸጠልኝ ሰው ቁልፉን ሲሰጠኝ እንደ ምርቃት አድርጎ «ቴርሞስታቱን አስወጥቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ሙቀት የሚባል ነገር አታይም» አለኝ። አመሰገንኩት። ቴርሞስታት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን የወጣ ነገር አያስቸግርም ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ክረምት መጣ። ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ በጉም ይታፈናል። ሂተሩን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ። የሚመጣው ለብ ያለ ነገር ነው። መስቀል አደባባይ ስደርስም ያው ለብ። ጋራዥ ሄጄ ብናገር ልጁ ሳቀብኝ። «አዲስ አበባ ላይ ሂተር ምን ይሠራልሃል? ኤሲ ቢሆን እሺ።» አብሬው ሳቅኩና ጨርቅ ገዝቼ መስታወቱን መወልወል ቀጠልኩ።

በሁለተኛው ክረምት ከጎኔ ያለው መቀመጫ ፊት ለፊት ምንጣፉ ረጠበ። ዝናብ ነው ብዬ የበሩን ጎማ አስቀየርኩ። አሁንም ረጠበ። ባለቤቴ አንድ ቀን ጫማዋን አንስታ እያየች «ይሄ ዝናብ ፀሐይ በወጣበት ቀንም ይዘንባል እንዴ?» አለችኝ። ሳስበው የመጀመሪያው ትክክለኛ ምርመራ የእሷ ነበር። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለችው የሂተር ራዲያተር እያፈሰሰች ነው አሉ። እሷን ለመቀየር ዳሽቦርዱ ይወርዳል፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ወይም ደግሞ ወደ ሂተር የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለት ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ መዝጋት ይቻላል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ። የትኛውን እንደመረጥኩ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ሃይላንድ የቧንቧ ውሃ ራዲያተሩ ላይ መጨመር ልማድ ሆነብኝ። ውሃው የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም። ቢሮ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሺህ ብር ከካዝና ቢጎድል ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ወደ በረሃው ልመለስ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ ወርዳ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገች። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ልይዝ ስል ከላይ እየወረደ የነበረ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «አንተ! እጅህን ከዚያ አንሳ!» ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩና እጄን ሰበሰብኩ። ወርዶ መጣ። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ የተጨማደደ ጠባሳ አለ። «ይሄ ክዳን ነው» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

የሚያቃጥለው እንዲህ ነው። ውሃው ክዳኑ ሥር ታምቆ ከመፍያው ነጥብ በላይ ሞቆ ይቀመጣል። ክዳኑን ስትከፍት ግፊቱ ይለቀቅና ከውሃው ከፊሉ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ የቀረውን የፈላ ውሃ ይዞ ይፈነዳል። ፊትህ ደግሞ በትክክል እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ ይቆያል። የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ጨበጥ አድርጎ ማየት ነው። ጠንክሮ ከተወጠረ ገና ነው።

«ውሃ አላችሁ?» አለ ሹፌሩ። የነበረን ሁለት ሃይላንድ የሚጠጣ ውሃና እናቴ ለእህቷ የያዘችው የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ብቻ ነው። ሹፌሩ ጀሪካኑን አየት ሲያደርግ እናቴ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «እሱ እንኳን ለመኪና አይሆንም፣ ልጄ» አለች። ሳቀና ረዳቱን ልኮ ከራሱ መኪና ውሃ አስመጣ።

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያም ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዞ መጀመሪያ ትንሽ አላላው፤ የቀረችው እንፋሎት ሽ... ብላ ወጣች። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቼ እንድይዝ አዘዘኝና ውሃውን በቀጭኑ፣ እየቆመ እየቆመ ጨመረ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ቢደፋ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ምጣድ ላይ ውሃ የደፋ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ሲጨርስ «አሁን ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈት። ማራገቢያውንም ትልቁ ላይ አድርገው። መስኮት ክፈቱ፣ ቢያቃጥላችሁም ቻሉት። ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስልሃል» አለኝ። ሂተሩ ተዘግቷል አልኩት። «ማን ዘጋው?» ገንዘብ ከፍዬ ማዘጋቴን ለመናገር አፍሬ ዝም አልኩ።

በየኪሎ ሜትሩ እየቆምን ደጀን ገባን። መኪናዋ እዚያው ቀረች፤ እኛ በሚኒባስ ወደ ደብረ ማርቆስ ቀጠልን። ከሦስት ቀን በኋላ አይሱዙ ላይ ተጭና አዲስ አበባ ተመለሰች።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጠቆመኝ ሽማግሌ መካኒክ ጋ አስወሰድኳት። ግቢያቸው ሦስት መኪና ቢይዝ ነው። ስለ አባይ በረሃ ረጅም ታሪክ ልጀምር ስል አቋረጡኝና «ሂተሩ መሞቅ ያቆመው መቼ ነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ የመጣሁት ለሂተሩ አይደለም። ሞተሩ ነው የፈላው።»

«ልጄ፣ ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ጣሳ ነው» አሉኝ።

እኔ ሂተር ማለት እንደ ሬዲዮ ለምቾት የተጨመረ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በእንደኔ ዓይነት መኪና ሂተር ማለት ሌላ ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው። ፓምፑ ከሞተሩ የሞቀ ውሃ ይገፋል። አብዛኛው ከፊት ወዳለው ትልቁ ራዲያተር ይሄዳል፤ ጥቂቱ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከዳሽቦርዱ ኋላ ወዳለችው ትንሿ ይሄዳል። አንዲት ማራገቢያ በትንሿ ላይ አየር ስትነፋ እግራችን ይሞቃል። ሁለቱም ጋ ቀዝቅዞ የተመለሰው ውሃ ወደ ፓምፑ ገብቶ እንደገና ይዞራል። ውሃው ሲጎድል፣ አየር ሲገባበት፣ ቱቦው ሲደፈን ወይም ፓምፑ ሲደክም ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትጎዳው ትንሿ ናት። ዳሽቦርድ ላይ ካለው መርፌ ይልቅ እግርህ ቶሎ ያውቃል።

ጋሼ ቀጥለው ያነሱት ክዳኑን ነው። ክዳኑ ድስት መክደኛ ነበር የሚመስለኝ። ለካ መኪናዋ ላይ ካሉት ሁሉ ሥራ የበዛበት ርካሽ ዕቃ እሱ ነው። አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው። የሚይዘው ግፊት ነው። ይህ ለኛ ለደጋ ሰዎች ከማንም በላይ ያገባናል። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። 0.9 የሚል ደህና ክዳን ካለህ አዲስ አበባም ሆነህ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆይልሃል። ክዳኑ ከደከመ ወደ 92 ተመለስክ። የእኔ መኪና የፊት ማራገቢያ ደግሞ የሚነሳው ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩት። ማራገቢያው ሳይነሳ ውሃው ይፈላል ማለት ነው! የሳምንቱ ሃይላንድ የት ይሄድ እንደነበር ያኔ ገባኝ። በደከመው ክዳን ሥር በእንፋሎት ትንሽ በትንሽ እየወጣ ነበር። የክዳኑ አንገት ዙሪያ የዝገት ቀለም ያለው ምልክት ነበር። ሁለት ዓመት ሳየው የቆየሁት ነው።

ክዳኑ ሁለት በሮች አሉት። አንዱ ውሃው ሲሞቅና ሲያብጥ ትርፉን ከጎን ወዳለው ሪዘርቭ የሚሉት የፕላስቲክ ዕቃ ያስወጣል። ሁለተኛው ሞተሩ ሲበርድ ያንኑ መልሶ ይስባል። ሁለተኛው ከተበላሸ ጠዋት ላይ የላይኛው ቱቦ እንደ ባዶ ጡት ተጣብቆ ታገኘዋለህ። ሪዘርቩ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ የሚጎድልብህም በዚሁ ምክንያት ነው። ሪዘርቩን ብቻ አይተህ አትታለል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ፣ ጠዋት፣ ክዳኑን ከፍተህ አንገቱ ድረስ መሙላቱን እይ።

የቴርሞስታቱ ነገር ደግሞ እስካሁን ሲቆጨኝ ይኖራል። «ውሃውን ስለሚያግድ ነው የሚያሞቀው፣ ይውጣ» የሚለው ምክር በየጋራዡ አለ። ቴርሞስታት ግን የሰም በር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተዘግቶ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። በእኔ ሞተር 82 ዲግሪ አካባቢ ሰሙ ሲቀልጥ መከፈት ይጀምራል። ካለሱ ሞተሩ ከተማ ውስጥ ሲበርድ ይውላል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሂተሩም ለብ ከማለት አያልፍም። እስከዚህ ድረስ የሚያውቀው ብዙ ነው። የማይታወቀው ሌላኛው ነው። በፎር ኤና በመሰሎቹ ቴርሞስታቱ ከጀርባው ሁለተኛ በር አለው። ዋናው በር ሲከፈት ይህኛው ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ስታወጣው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከውሃው የተወሰነው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ እየዞረ ይመለሳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለ ልክ የሚበርደው ሞተር ዳገት ላይ ያለ ልክ ይሞቃል። የሻጩ ምርቃት ይህ ነበር።

አንድ ነገር ላክል። ቴርሞስታት ደህና መሆኑን ለማወቅ ብዙ ሰው ድስት ውስጥ ከትቶ ያፈላዋል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን የፋብሪካው መመሪያ በ95 ዲግሪ 8 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ መከፈት አለበት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ድስትህ 95 አይደርስም፤ 92 ላይ ፈልቶ ያልቃል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብለህ ደህናውን ቴርሞስታት እንዳትጥል። በክር አንጠልጥለው፣ ዕቃውን ግድግዳ አታስነካው፣ ሲሞቅ መከፈቱን ሲበርድ መዘጋቱን እይ። ያ ይበቃል።

ቴስታታው ሲወርድ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሃል ጓርኒሲዮኑ፣ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል። ጋሼ ቀጥ ያለ ብረት በቴስታታው ፊት ላይ አጋድመው ቀጭን የውፍረት መለኪያ ሥሩ አስገቡ። የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ ከወረቀት ያነሰ። የእኔ ከዚያ ብዙ አልፎ ነበር። ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ተላከ። ራዲያተሩን ደግሞ ሠሪ ጋ አስከፈቱት። ከቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ብዙዎቹ በዝገትና ማንቆርቆሪያ ሥር በሚጋገረው ዓይነት ነጭ ነገር ተደፍነዋል። የቧንቧ ውሃ ነው ይህን ያደረገው። የሂሳቡን ጠቅላላ ድምር አልነግራችሁም። ባለቤቴም ሙሉውን አታውቅም።

ኩላንት የሚባለውን ፈሳሽ ለበረዶ አገር የተሠራ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አለመርጋቱ አንዱ ጥቅም ብቻ ነው። የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ብረቱና አሉሚኒየሙ እንዳይዝጉ የሚከላከል መድኃኒት አለበት። በሙቀትና በጊዜ መድኃኒቱ ያልቃል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይቀየራል። ያልተበረዘ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ይደባለቃል። ባትሪ ቤት የተጣራ ውሃ ስትጠይቁ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ቀዩንና አረንጓዴውን አትቀላቅሉ። ቀለም ብቻውንም ዓይነቱን አይነግርም፤ ጽሑፉን አንብቡ። ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ሲቀየር መሬት ላይ አይፈስስም፤ ልጅም ውሻም ሊልሰው ይችላል።

አሁን መኪናዬ ትንሽ ሲከፋት እንዴት እንደማያት ልንገራችሁ። ቅደም ተከተሉ ከጋሼ የተማርኩት ነው፤ ስህተት ካለበት የእኔ ነው።

መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደምትሞቅ ነው። ትራፊክ ላይ ቆማ ሞቃ፣ መንገድ ሲለቀቅላት የምትበርድ ከሆነ የፊት ማራገቢያውን እጠረጥራለሁ። ስትሮጥ ነፋሱ የማራገቢያውን ሥራ ይሠራላታል። እንደኔ ባለ የድሮ ቶዮታ ላይ መፈተሻው ቀላል ነው። ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ የማራገቢያውን የሙቀት ስዊች ሶኬት መንቀል ነው። ማራገቢያው መዞር አለበት። ከዞረ የማራገቢያው ሞተር፣ ፊውዙና ሪሌው ደህና ናቸው፤ የቀረው ስዊቹ ነው። ካልዞረ ፊውዝና ሪሌ ይታይ። እጃችሁን ከምላጩ አርቁ፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ አይነሳም። ማራገቢያውን በቀጥታ ሽቦ ከቁልፍ ጋር ላገናኝልህ ያለኝ ኤሌክትሪሺያን ነበር። እምቢ አልኩ፤ አንድ ጊዜ የአሥር ደቂቃ ሥራ አሠርቼ አይቻለሁ።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ዳገትና ረጅም መንገድ ላይ የምትሞቅ ከሆነ ደግሞ የውሃው መጠን፣ የራዲያተሩ መደፈን፣ ቴርሞስታቱ፣ ወይም ፓምፑና ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው የሚታየው። የራዲያተሩን ፊትም ማየት ነው። ከመቀሌና ከአፋር መንገድ ተመልሳ የመጣች የጓደኛዬ መኪና ላይ አቧራና ነፍሳት ተጋግረው ንፋስ ማለፊያ አጥቶ አይቻለሁ። ኤሲ ያላት መኪና ከሆነች የኤሲው ራዲያተር ከፊት ስለተደረደረ ቆሻሻው መሃላቸው ይገባል። ዳገት ላይ መርፌው ሲነሳ ኤሲውን ማጥፋትም የመጀመሪያው ነገር ነው።

ከዚያ ሂተሩ። ጠዋት አስነስቼ ወደ ሙቅ አደርገውና እጠብቃለሁ። መርፌው መሃል ደርሶ ሂተሩ ከቀዘቀዘ፣ ሞተሩ ጋ ሄጄ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለቱን ቀጫጭን ቱቦዎች በጥንቃቄ እነካለሁ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው ደርሷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ አየሩን የሚያዞረው ክዳን ወይም ሽቦው ላይ ነው፤ ለሞተሩ አያሰጋም። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሿ ራዲያተር ደፍናለች፣ ወይም መክፈቻዋ ተዘግቷል። ሁለቱም ከቀዘቀዙ ግን ውሃ የለም፣ አየር ተቆልፏል፣ ወይም ፓምፑ አይገፋም። ያን ቀን የትም አልሄድም። ስትሮጥ ሞቆ ስትቆም የሚበርድ ሂተርም የውሃ ጉድለት ወይም አየር ነው፤ ከመርፌው በፊት ይናገራል። መርፌውም ሂተሩም አብረው ለብ ብለው የሚቀሩ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ወይም እንደኔ ሻጭ አንድ ሰው አውጥቶታል።

ምንጣፍ ረጥቦ፣ የኩላንት ጣፈጥ ያለ ሽታ ሸትቶ፣ መስታወቱ በጨርቅ የማይጠራ ቅባት መሰል ነገር ከለበሰ ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው። እሱን አልፌበታለሁ።

ጓርኒሲዮን ሲሄድ የሚታዩት ምልክቶች ሌላ ናቸው። የዘይት መክደኛው ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይታያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ አይቋረጥም። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ይወጣል። አንድ ጊዜ ቱፍ ብሎ የሚያቆም አየር ግን ማስደንገጥ የለበትም። እንዲህ ከሆነ በኋላ እንቁላል ነጭ አፍስስበት፣ የሚደፍን ዱቄት ጨምርበት የሚል አይጠፋም። ዱቄቱ ቀዳዳውን ከዘጋ ቀጫጭኑን ቱቦም ይዘጋል፤ መጀመሪያ የምትታፈነው ደግሞ ሂተሯ ናት።

ውሃ ሲቀየር ያለውን ስህተት ሳልናገር አልለፍ፤ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁሜ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አደርጋለሁ። በድሮ ቶዮታ ሂተሩ ቀዝቃዛ ላይ ከሆነ መክፈቻው ስለሚዘጋ አየሩ ውስጥ ይቀራል። በቀስታ እሞላለሁ፤ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አደርጋለሁ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን አስነስቼ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት እጠብቃለሁ፤ የታችኛው ቱቦ ድንገት ሲሞቅ ይታወቃል። ደረጃው ሲወርድ እጨምራለሁ፤ ከዚያ እከድናለሁ። በማግሥቱ ጠዋት እንደገና አያለሁ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል። በእኔ መኪና ከ5 እስከ 6 ሊትር ይገባል። 4 ሊትር ብቻ ገብቶ ሞላ ካለ ቀሪው አየር ወይም ሳይወጣ የቀረ የድሮ ውሃ ነው።

ጋሼ ዳሽቦርዱን አወረዱት። በእውነትም ሁለት ቀን ፈጀ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለች የሂተር ራዲያተር አገኘሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ሻጩ ፊት በውሃ በርሚል ነክረን አየር ነፋንባት፤ አረፋ አልወጣም። ቴርሞስታቱንና ክዳኑን ግን ጋሼ ያገለገለ አትግዛ ስላሉኝ አዲስ ገዛሁ። ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥርም ከመኪናው መመሪያ ጋር አስተያየሁ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ደብረ ማርቆስ ሄድን። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። እናቴ ከመግባቷ በፊት በሩን ይዛ «ያ ነገር ይሞቃል?» አለችኝ። ይሞቃል አልኳት። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውጭው ውርጭ ነበር። ወደ ኋላ ዘወር ስል ጫማዋን አውልቃ፣ ጠበሏን በጉልበቷ መሃል ይዛ፣ እግሯን በፊት መቀመጫዎች መሃል ወደሚመጣው ሙቀት ዘርግታ ተኝታለች።